ለዱባ የተነጠፈ ጠጠር

ኦገስት 20 ቀን 1995
ኮሎራዶ፣ ጫካው ውስጥ ካለው ካምፕ

ውድ እህቴ ቨርና፣

እንደምን ከርማችኋል? እማዬ እንዴት ናት? ጉንፋኑስ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ የደረሱኝ ባንድ ቀን ነው። እንደምታውቂው አድራሻዬ ደቡብ ዳኮታ ያለችው የፖስታ ሳጥን ናት፤ እዚያ ያሉት ሴትዮ የመጣልኝን ሁሉ አጠራቅመው ወዳለሁበት ይልኩልኛል። በየሳምንቱ ቢልኩት ወጪ ነው ብዬ በወር አንዴ ይበቃኛል ብያቸዋለሁ። ብቻ ስልክ ደውል እንዳትይኝ። እኔና አንቺ በስልክ ስናወራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንደምንጣላ በሰዓት ይዘሽ የቆጠርሽው ራስሽ ነሽ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ዱባ፣ ይቺ የምኖርባት መኪናዬ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሠላሳ አንድ ጫማ ናት። የመብራት መሰኪያዋ ሦስት ጥርስ ያለው ወፍራሙ ዓይነት ነው። ይሄ ለምን እንዳስፈለገሽ አልገባኝም። ጋራዥ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ለማንኛውም ጽፌልሻለሁ።

እንዴት ነው ሰው መኪና ውስጥ የሚኖረው ላልሽውም፣ በጣም ደስ ብሎት ነው የሚኖረው። የቶሌዶውን ቤት ከሸጥኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ናፍቆኝ አያውቅም። የቤት ግብር የለ፣ ሣር ማጨድ የለ፣ ጣሪያ አፈሰሰ ብሎ መሰላል መውጣት የለ። የጡረታ ገንዘቤን ግማሹን እንኳ አልጨርሰውም። የሙቀቱን ወራት እዚህ ጫካ ውስጥ የካምፑ አስተናጋጅ ሆኜ ነው የማሳልፈው፤ በምትኩ ቦታውም ውኃውም መብራቱም በነፃ ነው። ብርዱ ሲመጣ አሪዞና በረሃ እወርዳለሁ። ጎረቤት ካልተስማማኝ ቁልፉን አዙሬ ሌላ ጎረቤት እመርጣለሁ። አንቺ ይህን ማድረግ ትችያለሽ?

እማዬ ዱባ በር ላይ ስላለው፣ የጎበኘነውን ግዛት በተለጣፊ ስለምንሞላው ካርታ ጠይቃለች አልሽኝ። ሠላሳ ስምንት ግዛቶች ተለጥፈዋል በያት። የሚስቴ የሜቪስ ሕግም እንደተከበረ ነው፤ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ሌሊት ያላደርንበትን፣ እዚያ ከሚኖር ሰው ገበታ ያልቀመስንበትን ግዛት አታስለጥፈኝም ነበር። የእናንተዋ ዴላዌር ገና ባዶ ናት። አረንጓዴዋ ተለጣፊ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ስለዚህ የዳሌሽን ቀዶ ጥገና ቀን አስቆርጪ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ግቢሽ ውስጥ ቆሜ እማዬን እስከ ጸደይ እይዛታለሁ፤ አንቺም እግርሽን ዘርግተሽ ትድኛለሽ። ቤቴ ጎማ አለው፤ ነፃነት ማለት ለኔ ይሄ ነው። የሚፈልገኝ ሰው ጋ መሄድ እችላለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ።
ወንድምሽ ዌንደል


ኖቬምበር 2 ቀን 1995
ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና

ውድ ቨርና፣

እንዴት አላችሁ? በመጀመሪያ ይቅርታ። ሁለተኛም ይቅርታ። እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ብትቆጪም እውነት አለሽ።

ልመጣ ተነስቼ ነበር። ኦሃዮ ስደርስ ራዲያተሩ ፈላ። የሚጠግነው ሰው ዕቃው እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለኝ፤ በረዶውም መቃረቡ ነበር። እዚያ ቆሜ ከምቀዘቅዝ ብዬ በጊዜያዊ ጥገና ወደ በረሃው ተመለስኩ። ከኦሃዮ ወዲያ አልዘለልኩም። የሐኪሙን ቀጠሮ ለማዛወር አልረፈደም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እዚህ ደህና ነው። ለአንድ የፈቃድ ወረቀት ጥቂት ከፍለሽ በረሃው ላይ ብርዱ እስኪያልፍ መቆም ነው። መብራቴን ከፀሐይ አገኛለሁ። በዚህ ወር ያወጣሁትን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ አንቺ ለማሞቂያ ብቻ የምትከፍይውን አይሞላም።

ጸደይ ላይ እመጣለሁ። ጸደይ ላይ በእርግጥ።

ከአሁን በኋላ በደቡብ ዳኮታ በኩል ሳይሆን በቀጥታ እዚህ ፖስታ ቤት በስሜ ላኪልኝ። እስከ ማርች ንቅንቅ አልልም።

ዌንደል


ኖቬምበር 20 ቀን 1995
ዴላዌር

ወንድሜ ዌንደል፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ራዲያተርህ አዝናለሁ። አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ መካኒክ የነበረ ሰው አንድ ራዲያተር አሸንፎት አገር አቋርጦ ተመለሰ ብዬ ለጎረቤት ለማውራት አፈርኩ። እሺ፣ ይሄን ልተወው።

ስለ እማዬ ለምን ዝም አልሽ ብለህ ከደብዳቤው በኋላ በላክኸው ፖስትካርድ ላይ ጠይቀኸኛል። ዝም ያልኩት መንገድ ላይ ነህ፣ አትደንግጥ ብዬ ነው። እንደማትመጣ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ተናድጄ ነው። አሁን ግን የግድ ልነግርህ ነው።

ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ እማዬ የሌለ ነገር ታያለች። የጀመራት ማክሰኞ፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን፣ መሸትሸት ሲል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አየሁ፣ አይቻለሁ፣ ዓይኔ ነው ያየው ብላ ስትከራከረኝ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን እኔ ልብስ ሳሰጣ በቤት ጫማ ወጥታ መንገዱን ልትሻገር ስትል ወደቀች። ክንዷ እስከ ክርኗ በለዘ። ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት፤ በሰማንያ ሰባት ዓመት ያለ ነው ብሎ ነጭ ኪኒን አዘዘላት። አሁን አትከራከርም። ክርክሯ ይሻለኝ ነበር።

ዌንደል፣ እማዬ ዓይኗን ማመን ትታለች። ትናንት ወንበሯ ላይ ልትቀመጥ ስትል ቆም አለችና «ቨርና፣ እዚህ ላይ ድመቷ አለች ወይስ የለችም?» አለችኝ። ድመቷ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። አለች እማ፣ አልኳት። «እንግዲህ ካልሽ» አለችና ቆማ ቀረች። ያቺ እናታችን ናት እንግዲህ። አንተ በአሥራ ስድስት ዓመትህ የጠጣሃትን አንዲት ቢራ ከአጥር ማዶ በጥላህ ያወቀችብህ ሴትዮ።

የኔም ዳሌ ጨርሶ ሄዷል። ቀዶ ጥገናውን ሁለተኛ አዛውሬዋለሁ። ከመታጠቢያው ሳነሳት ሁለታችንም እንጮኻለን፤ ከዚያ ማን የማንን ጩኸት እንደፈጠረ ሳናውቅ እንስቃለን። ግን እስከ መቼ? ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ የአረጋውያን ቤት አለ፤ ፌብሩዋሪ አምስት ቀን አልጋ ይለቀቃል ብለውኛል። ልቧም አእምሮዋም እንደ ድሮው እንዳልሆነ የሐኪሙ ወረቀት ይናገራል፤ ከሱ ሥር የልጆቿ ፊርማ ያስፈልጋል። የኔን ፈርሜያለሁ። ያንተን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌልሃለሁ።

ካልተስማማህ ጻፍልኝ። ሌላ መንገድ ካለህም ጻፍልኝ። ፈርም ብዬ እየላክሁልህ እንዳትፈርም እየጸለይኩ ነው፤ ይሄንንም እወቀው።

ቨርና


ዲሴምበር 14 ቀን 1995
ኳርትዝሳይት

ውድ ቨርና፣

ላንቺም ለእማዬም መልካም ገና። መልሱን ለምን አዘገየህ እንደምትይ አውቃለሁ። ምክንያት የለኝም።

ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አንቺ አጠገቧ ነሽ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሐኪሙም ካለ እኔ ምን እላለሁ? ዳሌሽን ታከሚ።

ለምን በሙቀቱ ወራት እንኳ ለሁለት ሳምንት አልመጣህም ብለሽ ቀደም ሲል ለጻፍሽው፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የካምፕ አስተናጋጅ የምለው ሽንት ቤት ማጽዳት ነው። ዘጠኝ ሽንት ቤት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሰው ለሽርሽር መጥቶ የሚተወውን ነገር ብታይ! አንድ ሳምንት ከጠፋሁ ነፃ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሥራው አያሳፍረኝም፤ ያሳፈረኝ ላንቺ እንደ ደን ሹም አድርጌ ማውራቴ ነው።

እማዬ እንድታየው አንድ ፎቶግራፍ ልኬያለሁ። በምስጋና ቀን ጎረቤቶቼ ናቸው ያነሱኝ፤ ዱባ በር ላይ ቆሜ የበዓሉን የቱርክ ዶሮ ጥብስ በሳህን ይዣለሁ። ክብደት መጨመሬን እንዳትነግሪያት። ታየው የለ እንዴ ትይኝ ይሆናል። ይቅርታ፣ እንዲህ ልል አልፈለግሁም።

ደህና ሁኚ።
ዌንደል


ጃንዋሪ 5 ቀን 1996
ዴላዌር

ዌንደል፣

ስልክ አትደውል። ድምፅህን ከሰማሁ አምንሃለሁ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

ፎቶግራፉን ለእማዬ ሰጠኋት። በማጉያ መስታወቷ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና መስታወቱን እላዩ ላይ አስቀምጣ ወደ መኝታዋ ሄደች። እኔ ጠረጴዛውን ልወለውል ስል መስታወቱን ካስቀመጠችበት አላነሳሁትም፤ ጎንበስ ብዬ ባለበት አየሁ። ያረፈው ፊትህ ላይ አልነበረም። በሩ ላይ ነበር። ካርታው ላይ።

ሜሪላንድ ቢጫ ናት። ከሜሪላንድ በስተቀኝ፣ የኛ ዴላዌር ቦታ ላይ፣ አንዲት የጥፍር ቁራጭ የምታህል አረንጓዴ አለች።

እስቲ ጉዴ ብዬ የኦገስቱን ደብዳቤህን አወጣሁ። «የእናንተዋ ዴላዌር ገና ባዶ ናት» ይላል፤ በራስህ እጅ ጽሑፍ። የኖቬምበሩን አወጣሁ። «ከኦሃዮ ወዲያ አልዘለልኩም» ይላል። ከዚያ ገና ዕለት የደረሰኝን አወጣሁ፤ ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እናትህ የሌለ ነገር ታያለች ብዬ ስጽፍልህ፣ ምን አየች ብለህ አልጠየቅከኝም። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄን ነው። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ እንኳ ጠይቃኛለች።

ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ያን ማክሰኞ እማዬን ከወንበሯ አንስቼ ወደ መስኮቱ ሳዞራት እንዲህ አለች፦ «ዌንደል መጣ። ዱባው ከፍሬ መሸጫው ፊት ቆሟል። ሳህን አውጪለት።»

መነጽሬ ምድጃው አጠገብ ነበር። ፈልጌ አድርጌ ስመለስ መንገዱ ባዶ ነበር። ማንም የለም እማ፣ አልኳት።

«ሄደ እኮ። አሁን ሄደ። አንዱ የኋላ መብራቱ አይበራም፤ ንገሪው።»

ከኦሃዮ የጻፍከው ፖስትካርድ ያን ጠዋት ደርሶኝ ስለነበር፣ እማ፣ ዌንደል ኦሃዮ ነው፣ አልኳት።

«ኦሃዮስ አንቺ ነሽ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ሦስት ቀን የተከራከረችው ለዚህ ነው። መንገድ ስትሻገር የወደቀችው የጎማህን ምልክት ልታሳየኝ ነው። እኔ ደግሞ ሐኪሙ ፊት፣ እሷ ቁጭ ብላ እየሰማች፣ «የሌለ ልጇን ታያለች» አልኩ። አንገቷን ደፋች። እናታችን አንገቷን ስትደፋ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር።

ያንተ ፊርማ ያለበት ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፎቶግራፉ ጎን ነው። እስካሁን አልላክሁትም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ነበርክ ወይስ አልነበርክም?

ቨርና


ጃንዋሪ 16 ቀን 1996
ኳርትዝሳይት

ቨርና፣

ነበርኩ።

ይቺን ቃል ብቻ ጽፌ ፖስታውን ላሽገው ነበር። ከዚህ በታች ያለውን መጻፍ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ግን ደግሞ ማፈሬ ላንቺ ምን ይጠቅምሻል? ስለዚህ ሁሉንም እነግርሻለሁ።

ራዲያተሩ አልፈላም። ኦሃዮን በሰላም አለፍኩ። ማክሰኞ ዕለት፣ ሊመሽ ሲል፣ እናንተ ሰፈር ደረስኩ። የመግቢያሽ ዛፍ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ እንዳይነካኝ ብዬ መጀመሪያ ከማዶ፣ ከተዘጋው የፍሬ መሸጫ ፊት ቆምኩና ልወርድ በሩን ከፈትኩ።

ያኔ ግቢሽን አየሁ። የአትክልት መደቡ የነበረበት ቦታ ላይ ጠጠር ተነጥፏል፤ አዲስ፣ ነጭ ጠጠር። ርዝመቱን በዓይኔ ለካሁት፤ የሠላሳ አንድ ጫማ መኪና ቦታ ነበር። ዳር ላይ ምሰሶ ተተክሎ ባለ ሦስት ጥርስ ሶኬት ተሰቅሎበታል። ቲማቲምሽን ነቅለሽ ነው ያስነጠፍሽልኝ። ይሄንንም አንድም ቀን አልጻፍሽልኝም።

በመስኮቱ ደግሞ አንቺን አየሁ። እማዬን በብብቷ ይዘሽ ልታነሻት ትታገያለሽ፤ የወጥ ቤት ፎጣ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሻል። አንዴ ሞክረሽ አቃተሽ። ቁጭ አድርገሻት ዳሌሽን ያዝሽ። ከዚያ እንደገና ሞከርሽ። መንገዱን ለመሻገር ሃያ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

አልተሻገርኩም።

እማዬን ማጠብ አልፈራሁም። ሜቪስን አንድ ዓመት አጥቤያታለሁ፤ ታውቂያለሽ። የፈራሁት ጠጠሩን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢ የለኝም፣ ሣር የለኝም፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ፣ አሁን በልኬ የተሠራ ግቢ አፉን ከፍቶ አየሁት። እዚያ ላይ ከቆምኩ እስከ ጸደይ አይሆንም አልኩ በልቤ፤ እማዬ እስክትሞት ነው፣ ከዚያም አንቺ አለሽ። ይሄን ነው ያሰብኩት። እናቴ በመስኮት እያየችኝ የሞቷን ቀን ቆጠርኩባት። ነፃነት እያልኩ ስጽፍልሽ የኖርኩት ነገር እዚያ መንገድ ዳር ሲታይ ይሄ ነበር፤ በሩን መልሼ ዘጋሁ።

የአንድ ትልቅ መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ከናንተ አራት ማይል ርቄ አደርኩ። ጠዋት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ግን ተለጣፊዋን አውጥቼ ለጠፍኳት። ለምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ምናልባት አንድ ነገር ፈጽሜያለሁ ለማለት ይሆናል። የሜቪስን ሕግ አፈረስኩ፤ ማንም ቤት ማዕድ አልቀመስኩም። ማቆሚያው ላይ ቆሜ ብስኩት በላሁ።

ይሄ ሁሉ ግን ይቅር። ደብዳቤሽ ሲመጣና «ማክሰኞ፣ አሥራ ሰባተኛው ቀን» የሚለውን ሳነብ፣ ምን እንዳየች እዚያው ገባኝ። ምን አየች ብዬ ያልጠየቅሁሽ ስለማውቅ ነው። እያወቅሁ ፈረምኩ፣ ቨርና። እናቴ በትክክል እንዳየች የሚያውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሷ እንኳ መጠራጠር ጀምራለች። ያን እያወቅሁ፣ እርሳስ ያደረግሽበት ቦታ ላይ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ፈረምኩ። ከዚያም የቱርክ ዶሮ ይዤ የሳቅሁበትን ፎቶግራፍ አስገባሁበት።

ትናንት ጎረቤቴን ሚስተር ፔልቲየርን ከኋላ እንዲቆሙልኝ ለምኛቸው ፍሬን ረገጥኩ። «ቀኙ ይበራል፣ ግራው ሞቷል፤ መካኒክ ነኝ አላልክም እንዴ?» አሉኝ። አርባ ዓመት የሌላ ሰው መብራት ስጠግን የኖርኩ ሰው የራሴን አላየሁም። የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴትዮ ከመንገድ ማዶ፣ በመስታወት ውስጥ፣ በምሽት አየችው። አምፖሉን ቀይሬዋለሁ። የተቃጠለውን ለእማዬ ላሳያት ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ሰኞ ጃንዋሪ ሃያ ሁለት እነሳለሁ። ወሩ ሲያልቅ ኢንዲያና፣ ቴሬ ሆት ከተማ እደርሳለሁ፤ እዚያ ፖስታ ቤት በስሜ ጻፊልኝ። ወረቀቱን እባክሽ አትላኪው። እኔን ግን ማየት ካልፈለግሽ ተመለስ በይኝ። እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም።

ወንድምሽ ነኝ ለማለት እጄ ከበደኝ።
ዌንደል


ጃንዋሪ 23 ቀን 1996
ዴላዌር

ለዌንደል፤ ቴሬ ሆት ፖስታ ቤት፣ መጥቶ እስኪወስደው ይቀመጥ

ዌንደል፣

ደብዳቤህን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ዳሌዬን ረስቼ። ከዚያ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ሄድኩ። መኪናህ እዚያ ቆሞ ቢገኝ በዚያች ሰዓት አንድ እፍኝ ጠጠር እወረውርበት ነበር።

ተመለስ የማለት ነፃነት ሰጥተኸኛል። አመሰግናለሁ፣ አልቀበለውም። ተመለስ ብልህ ልክ እንደ ታዘዝክ ሆነህ፣ ዱባህን አዙረህ፣ ቨርና ናት ያባረረችኝ እያልክ በረሃ ላይ የቱርክ ዶሮህን ትበላለህ። አይሆንም። የኔን ቁጣ መጥተህ ፊት ለፊት ትቀበለዋለህ። ብዙ አለኝ። ቲማቲሜን ጨምሮ።

አንድ ነገር ደግሞ ላንተ ብቻ አልተወውም። አንተ ዋሽተሃል፤ እኔ ግን አላመንኳትም። በእግሬ መንገዱን ተሻግሬ የጎማ ምልክት አለ ወይ ብዬ ማየት እችል ነበር፤ ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ከማየት ሐኪም ቤት መውሰድ ቀለለኝ። ሐኪሙ ፊት ያልኩትን ስታስብ እኔንም አብረህ አስበኝ።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለአረጋውያኑ ቤት ደውዬ አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡ ብያለሁ። ወረቀቱን ግን እኔ አልቀደውም። ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ እያየች፣ አንተ ትቀደዋለህ። የዳሌዬ ቀጠሮ ፌብሩዋሪ ሃያ ነው፤ ይሄኛው አይዛወርም። ተለጣፊዋንም ተዋት፤ አትላጣት። በሜቪስ ሕግ ገና አልመጣህም፤ ስትበላ ትሞላለች።

አሁን ስለ እሷ። ልጠብቅህና አንተው እንድትነግራት ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ተጨማሪ ማሳደር አልቻልኩም። ትናንት ከቁርስ በኋላ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፦ «እማ፣ ያን ማክሰኞ ዌንደል ነበር። አንቺ ልክ ነሽ። መብራቱም አይበራም ነበር» አልኳት።

 እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ብቻ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆየችና ተነሳች። ወንበሯ ጋ ስትደርስ ድመቷ ተኝታበታለች። እኔን አልጠየቀችኝም። «ውረጂ አንቺ!» ብላ በእጇ ገፍታት ተቀመጠች። ወደ ጓዳ ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ ወረቀት አምጪ አለችኝ። አታግዢኝ ብላ ጀርባዬን አዙሬ እንድቆም አደረገችኝ። ይኸው ከዚህ በታች ነው፤ አላነበብኩትም ብልህ ውሸት ነው።

ቨርና

*

ዌንደል፣

መብራቱን እንደቀየርከው ቨርና አንብባልኛለች። ደህና አድርገሃል። ግራው ነበር። አንዱ ነው ያልኳት ቸኩዬ እንጂ ግራው እንደሆነ አይቻለሁ።

ያን ዕለት እራቱ ዶሮ በሊጥ ነበር። ሳህንህን ከቨርና ደብቄ ሁለቴ አሙቄዋለሁ። ከዚያ ለድመቷ ሰጠሁት።

የፈራኸውን ነገር ቨርና ስታነብ ድምፅዋ ስለተቆረጠ አልጨረሰችልኝም። ግድ የለም። ልጅ ሆነህም ከቤት የምትወጣው በመስኮት ነበር።

መሽቶ አትምጣ። በቀን ና፣ ፀሐይ እያለ፣ መብራትህንም አብራ። ከፍሬ መሸጫው ፊት ቁም፤ ወዲያው እንዳትወርድ፣ ትንሽ ቆይ። ዌንደል መጣ ብዬ ለቨርና የምነግራት እኔ ነኝ።

እናትህ